ሁለት መኪና ለአንድ በር

በእኛ ቢሮ አንድ ሕግ አለ፤ የሚፈልገውን የሚናገር ሰው፣ በምትኩ የሚለቀውንም አብሮ ይናገራል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በጣም ጥሩ ሕግ ነው። መጀመሪያ ለሥራ ብቻ ነበር ያወጣሁት፤ አሁን ግን መስኮት ለመክፈት እንኳ ይሠራል። አንዱ «ሙቀቱ ገደለን፣ መስኮቱ ይከፈት» ሲል ከየጠረጴዛው «ምን ትለቃለህ?» የሚል ድምፅ ይመጣል። እሱም «ጸጥታውን» ይላል። መስኮቱ ይከፈታል፣ የመንገዱ ጥሩምባ ተግተልትሎ ይገባል፣ ማንም አያማርርም። አውቆ የገባበት ነዋ።

ሥራችን ሲስተም መንደፍ ነው፤ አርክቴክቷ እኔ ነኝ። አርክቴክት ነኝ ስላቸው ሰዎች ስለ ጣሪያና ስለ ምሰሶ ያማክሩኛል። የአክስቴ ልጅ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ለምን ውሃ እንደሚያዝል ጠይቆኝ፣ አላውቅም ስለው እስከ ዛሬ ሰስተሽ ነው ይለኛል። እኔ የምነድፈው የማይታይ ቤት ነው። የሚኖርበት ሰው ግን እንደማንኛውም ቤት ይደሰትበታል ወይም ይረግመዋል። ሲስተም እንደ ሰው ጠባይ አለው። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ተጠራጣሪ ነው፣ አንዱ መቼም አይተኛም፣ አንዱ ከማንም ጋር ይግባባል። እነዚህን ሁሉ አንድ ሰው ላይ አግኝቼ አላውቅም፤ ባሌንም ጨምሮ። የሚቸኩል ሲስተም አያጣራም፤ የሚጠራጠር ሲስተም በር ላይ ያቆምሃል፤ አልሳሳትም የሚል ሲስተም ደግሞ እርግጠኛ እስኪሆን ያስጠብቅሃል። ደንበኞቻችን የመጀመሪያ ቀን ሲመጡ ሁልጊዜ «ሁሉም ይኑረው» ይላሉ። ሁለት ወዶ አይሆንም ብዬ ማስረዳት ነው የዕለት እንጀራዬ።

ለዚህ ነው አዲስ ሥራ በመጣ ቁጥር ዕጣ የምናወጣው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጠባይ ይደርሰዋል፣ ሥራው እስኪያልቅም የዚያ ጠባይ ጠበቃ ሆኖ ይሟገታል፤ መጠሪያውም ይኸው ይሆናል። የአምቡላንሱ ሥራ ሲመጣ ደህንነት የደረሰው ሰውዬ «ቁልፉ» ተባለ። ዕጣው ባይደርሰውም ኖሮ ይኸው ስም አይቀርለትም ነበር፤ ምሳ ዕቃውን በጓጉንቸር የሚቆልፍ ሰው ነው። ፍጥነት የደረሳት ባልደረባችን «ንፋሷ» ሆነች። እሷ ደግሞ ደህና አደራችሁ ስትል መልሱን ቆማ አትሰማም። እኔ ዳኛ ነኝ። ትዕግስት ሲታደል ሌላ ሰልፍ ላይ ስለነበርኩ ዳኝነቱ ያን ያህል አይሆንልኝም፤ ግን የሚሽረኝ አልተገኘም።

የአምቡላንሱ ነገር እንዲህ ነው። የከተማው አምቡላንስ አገልግሎት ሁለት ጣቢያ አለው፤ ዋናው መሐል ከተማ፣ ሌላው ኮረብታው ላይ። አንድ ሰው ሲወድቅ አንዱ ጎረቤት ለአንዱ ጣቢያ ይደውላል፣ ሌላው ጎረቤት ለሌላው። ሁለት መኪና እያለቃቀሰ አንድ በር ላይ ይገናኛል። ይህ ለበሽተኛው ምንም አይደለም። ለሹፌሮቹ ግን ውርደት ነው። ሁለተኛ የደረሰው ሹፌር ባዶ አልጋውን ይዞ ሲመለስ የሚጠብቀው ሹፈት ሳምንት ይበላዋል። «ለእርጥባን ነው ወይስ ለለቅሶ የደረስከው?» ይሉታል። «ምሳ ልላክልህ፣ እስክትደርስ እንዳይርብህ» ይሉታል።

ይህን በደንብ የማውቀው ባሌ የኮረብታው ጣቢያ ሹፌር ስለሆነ ነው። ሹፌር ብቻ አይደለም፤ የሹፌሮቹ ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ከዋናው ጣቢያ ደግሞ «ቀዳሚው» የሚሉት አንድ ሹፌር አለ፤ ስሙ ሥራውን ይናገራል። ባሌ እሱ ደርሶ በወጣበት በር ላይ ስንት ጊዜ ባዶ እጁን እንደቆመ እሱም አይቆጥረውም፣ እኔም አልጠይቀውም። መጨረሻ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ ሲገናኙ ቀዳሚው ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ደረጃው ዘረጋና «ቁልቁለቱን ተጠንቀቅ» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰላምታ የላቸውም።

የአገልግሎቱ ኃላፊ መጀመሪያውኑ ግልጽ አድርገውልን ነበር። ሲስተሙ ሲያልቅ ሹፌሮቹ አንድ ቀን ይሞክሩታል፣ ከዚያ እጅ ያወጣሉ። እጃቸው ካልወጣ ሥራው ይቀራል። ከእኛ በፊት የመጣውን ሲስተም እነሱው ናቸው የጣሉት፤ ሁለት መኪና ስለላከ። ስለዚህ የደከምንበት ሁሉ ውሃ እንዳይበላው ሹፌሮቹን ማሳመን ነበረብን። ሹፌሮቹ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሹት።

አንድ ማታ ራት ላይ ባሌ ይህንኑ ሲደጋግምብኝ ሹካዬን አስቀምጬ «ስማ፣ ከእንግዲህ ሁለት መኪና አንድ በር ላይ አይገናኝም። ቃሌ ነው» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በነጋታው በሁለቱም ጣቢያ ያልሰማ ሹፌር አልነበረም።

ቃል ገብቻለሁና በቃሌ ነደፍኩት። አንዱ ጣቢያ መኪና ከመልቀቁ በፊት ሌላውን «ልከሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «አልላክሁም» ካለ መኪናው ይወጣል። «ልኬያለሁ» ካለ ይቀራል። ንጹሕ ነገር ነው። በልምምዱ ጊዜ ሁሉ አንዴም ሁለት መኪና አልላከም። ቁልፉ በደስታ ምሳ ዕቃውን ሳይቆልፍ የዋለበት ቀን ነበር። ንፋሷ ብቻ፣ ጥያቄና መልሱ ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ያዘገያል ብላ አጉረመረመች፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አልናትና ዝም አሰኘናት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ከቢሮአችን በታች መንገድ የሚቆፍሩ ሰዎች የኔትወርኩን መስመር በጥሰው ጣሉት። ልምምድ ላይ ነበርን። ስክሪኑ ላይ «ይጠብቁ» የሚል ጽሑፍ ወጣ፣ ከሥሩ ትንሽ ቀለበት ትዞራለች። ቁጭ ብለን እሷን አየናት።

«እስከ መቼ ነው የሚጠብቀው?» አልኩ።

«መልስ እስኪመጣለት» አለ ቁልፉ።

«ካልመጣለትስ?»

«ይጠብቃላ።» ደረቱን ነፋ። «አየሽ፣ አይሳሳትም።»

«አይሳሳትም» አለች ንፋሷ። «አይሄድምም።»

ማንም አልሳቀም። የኮረብታው መስመር ንፋስ በነፈሰ ቁጥር እንደሚቆረጥ እዚያ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም እዚያው ነው የምኖረው። መቆረጡን አውቅ ነበር፣ ሲስተሙንም አውቅ ነበር፤ ሁለቱን አገናኝቼ ግን አላየሁም።

ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ስናጠፋ ዋልን። ሁለተኛ መስመር ይዘርጋ አልን፤ አንዱን የጣለ ንፋስ ሌላውን አይምርም። ስልክ ተደዋውለው ለምን አይጠያየቁም እንዳትሉኝ፤ የአምቡላንስ ጣቢያ ስልክ በበሽተኛ የተያዘ ነው። የትኛውንም ብናደርግ መጨረሻ ላይ ያው አንድ ጥያቄ ይጠብቀናል። ሌላው ጣቢያ ካልመለሰ፣ ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ? ከሄድክ ምናልባት ሁለት መኪና ይመጣል። ከቀረህ ምናልባት አንድም አይመጣም። ሦስተኛ የለም። ሦስተኛ አለ የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ የሚሸጡት ነገር አላቸው።

ወደ ማምሻው ቁልፉ ጠመኔውን አስቀመጠና አየኝ። «ሕጉ ያንቺ ነው» አለ። «መቼም ከአንድ መኪና በላይ እንዳይመጣ ትፈልጊያለሽ። ምን ትለቂያለሽ?»

ሕግ ጥሩ የሚሆነው ሌላው ሰው ላይ ሲሠራ ነው። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በዚያው ምሽት አማቴ ዘንድ ራት ተጠርተን ነበር። የባሌ እናት ናቸው፤ ከኮረብታው ጣቢያ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ ባለ ፎቅ፣ አራተኛው ላይ ይኖራሉ። ከጣቢያው ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ቀና ያለ ሰው የበረንዳቸውን ሰማያዊ መጋረጃ ያያል። ባሌም ለሥራ በወጣ ቁጥር ቀና ይላል። ማዕድ እንደቀረብን ነገሩን ሳልጠቀልል ነገርኩት። መስመር ሲቆረጥ ሁለት መኪና እንዲመጣ መፍቀድ አለብን፣ ቃሌን ልመልስ ነው አልኩት።

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሹፌሮቹ ፊት ቆሜ ምን ልበል? ሚስቴ ሐሳቧን ቀየረች ልበል?»

«ሚስቴ አሰበች በል።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለኝ፣ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ።

«ቆይ» አሉ አማቴ ከምድጃው በኩል። «በዚህ ቤት የወለድኩት እኔ ነኝ፣ የተወለድከውም አንተ ብቻ ነህ። ተረቱን ብታስብበት ይሻልሃል።»

ሳቅን፤ እሱም ሳቀ፤ ግን ከሐሳቡ አልተመለሰም። የሹፌር ኩራት አይገባችሁም አለ። መስመሩ አንዳንዴ ነው የሚቆረጠው አለ። ያኔም ቢሆን ቶሎ ይመለሳል አለ። እኔም ቶሎ የሚለው ቃል አልጋ ላይ ለተኛ ሰውና መሪ ላይ ለተቀመጠ ሰው አንድ አይደለም አልኩ። ድምፃችን ከፍ ሲል አማቴ ሳህን ጣል አደረጉና መሐላችን ተቀመጡ።

«የሙከራው ቀን በሽተኛ ማን ነው?» አሉ።

«ገና አልመረጥንም» አልኳቸው።

«እኔ እሆናለሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ቲያትር ሠርቻለሁ፤ ስሞት ሰው ሁሉ አልቅሶልኛል። በሁለቱም መንገድ ሞክሩትና ተያዩ። የልብ ይሁን የወገብ?»

ባሌ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተስማማ። «መጀመሪያ ቃል በገባሽው መንገድ ይሞከር» አለኝ። «መስመሩንም ቁረጡት። ይጠብቃል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። ታያለሽ።»

የሙከራው ቀን ፀሐያማ ነበር፤ ለልብ በሽታ የሚሆን ቀን አልነበረም። ከሥራ ነጻ የሆኑት ሹፌሮች ሁሉ ኮረብታው ጣቢያ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ይዘው ተሰበሰቡ። አንዱ ኦቾሎኒ ገዝቶ አምጥቷል። ቁልፉ ዋናው ጣቢያ ነበር፣ ከቀዳሚውና ከመስመሩ ጋር። ንፋሷ ጋራዡ ውስጥ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኝታ ቆማለች። እኔ አምቡላንሱ ውስጥ ባሌ ጎን ተቀመጥኩ፤ ስክሪኑ በመካከላችን ነው። ደንቡ አንድ ነው፤ ስክሪኑ «ሂዱ» ሳይል መኪና አይነቃነቅም። ቁልፉ በተቀጣጠርንበት ደቂቃ መስመሩን ነቀለ፤ ስልኩም ጮኸ።

«ሃሎ» አሉ አማቴ፣ ከአንጀታቸው በሚወጣ ድምፅ። «ደረቴን… ደረቴን…»

ስልክ ተቀባይዋ አድራሻ ጠየቀቻቸው።

«አራተኛ ፎቅ… ሊፍቱ አይሠራም… መቼም ሠርቶ አያውቅም… ለሰውዬው ስንቴ ነገርኩት…»

ጋራዡ በሳቅ ተናወጠ። ባሌም መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ስክሪኑ ላይ «ይጠብቁ» የሚለው ወጣ፣ ቀለበቷ መዞር ጀመረች።

«መጣችሁ?» አሉ አማቴ።

«እየጠበቅን ነው እማማ» አለች ስልክ ተቀባይዋ።

«ምን?»

«ከዋናው ጣቢያ መልስ።»

«እሱንም አሞታል?»

እንደገና ሳቅ። ኦቾሎኒው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አማቴ ማቃሰታቸውን ቀጠሉ። ድምፃቸው ቀስ እያለ ደከመ፤ በእውነት ይችሉበታል። አንድ ሁለት ጊዜ ቃል ጀምረው ተዉት። ከዚያ ልክ ከእንቅልፍ እንደሚነሳ ሰው «ልጄ… ልጄ እዛ የለም እንዴ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ስልኩ አልተዘጋም። በድምፅ ማጉያው የቤታቸው ሰዓት ሲቆጥር ይሰማል፣ ከሩቅ ደግሞ የጎረቤት ሬዲዮ። ጋራዡ ውስጥ ኦቾሎኒ መፈልፈሉ ቆመ።

ባሌን አየሁት። እጁ የመኪናው ቁልፍ ላይ ነበር። በመስታወቱ በኩል ቀና ብሎ ሰማያዊውን መጋረጃ ያያል።

«ጨዋታ ነው እኮ» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ» አለ።

ቀለበቷ ዞረች።

«አውቃለሁ» አለ ደግሞ። ከዚያ የመኪናውን በር በርግዶ ወጣና ሮጠ።

ሹፌሮቹ ሁሉ ተነሱ። እኔም ለአስፈላጊ ቀን ብዬ ባደረግኩት ጫማ ተከተልኩት፤ መንገዱ ላይ አውልቄ ያዝኩት። እሱ አንዴም ዞር ብሎ አላየም። ሆዱን ይዞ ደረጃ ለመውጣት የሚያማርር ሰው ነው፤ ያን ቀን አራቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣው አላየሁም፤ እኔ ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

አማቴ አልጋው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ፣ ስልኩ ብርድ ልብሱ ላይ፣ ዓይናቸው ግጥም። ሙከራው መቋረጡን የነገራቸው የለም፤ የተስማማነውም የበሽተኛ አልጋው እስኪመጣ እንዳይነሱ ነው። እሳቸው ደግሞ የተስማሙበትን የማያፈርሱ ሴት ናቸው።

«እማዬ» አለ ባሌ።

ዝም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።» ድምፁ የራሱ አልነበረም።

አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ከእሱ ጀርባ ወደ በሩ አዩ። «መኪናህስ?»

እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለ።

«ያለ መኪና ምን ልታደርግልኝ መጣህ?» አሉት። «በጀርባህ ልታዝለኝ ነው?» ሌላውንም ዓይናቸውን ከፈቱና ፊቱን አዩት። ያኔ ቲያትሩን ተዉት። ተነስተው ተቀመጡና ራሱን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። «ምን ሆነሃል አንተ ልጅ? ደህና ነኝ እኮ። ምስር አብስዬ ነው የተኛሁት።»

እየሳቀ አለቀሰ፣ ወይም እያለቀሰ ሳቀ። ባሌን ያገባሁት ለምን እንደሆነ ዘመድ ሁሉ ሲጠይቀኝ በቅጡ መልሼ አላውቅም ነበር። በዚያች ቅጽበት የጠየቀኝ ቢኖር መልሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጣም ወደድኩት።

ወደ እኔ ሳይዞር «ሁለት ላኪ» አለኝ። «ሦስትም ቢሆን ላኪ። ቃልሽን መልሼልሻለሁ።»

ጋራዡ ስንመለስ ሹፌሮቹ እንደቆሙ ነበሩ። ንፋሷ ለዋናው ጣቢያ በስልክ ሁሉን እንደ ኳስ ጨዋታ ስታስተላልፍላቸው ቆይታለች። ባሌ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ መሐል ገባና ቆመ።

«አንድ መኪና ብቻ ይምጣ ብዬ ቃል ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለ። «እናንተንም ያሳመንኩ እኔ ነኝ። አሁን እናቴ ቤት ማንም አልመጣም። ጨዋታ መሆኑን እያወቅኩ ልቤ ሊወጣ ነበር። ጨዋታ ባይሆንስ? የሌላ ሰው እናት ብትሆንስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ልንባል ነው። እኔ ባዶ እጄን ብመለስ ይሻለኛል።»

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። መስመሩ ደህና ሲሆን ጣቢያዎቹ እንደ ድሮው እንደሚጠያየቁ፣ መልስ ከጠፋ ግን መኪናው አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ጠብቆ እንደሚወጣ ነገርኳቸው። «በዚህ መንገድ መኪና ሳይመጣለት የሚቀር ሰው አይኖርም» አልኩ። «ግን በነጻ አይደለም። አንዳንድ ቀን ሁለታችሁ አንድ በር ላይ ትገናኛላችሁ። ይህን ደብቄ እጅ አላስወጣችሁም። የምትለቁትን እናንተው ንገሩኝ።»

«ነዳጅ» አለ አንዱ።

«ጊዜ» አለ ሌላው።

ጥግ ላይ የተቀመጡ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሹፌር ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ነዳጁስ ይሁን» አሉ። «ፊታችንን ነው የምንለቀው። ሁለተኛ በደረሰ ሰው ላይ መሾፍ ይከልከልልን፣ ያኔ እኔ ሁለቱንም እጄን አነሳለሁ።»

ሳቅ ሆነ፤ ግን ጭብጨባም ነበረበት። ንፋሷ ኮምፒውተሯን ከፍታ እዚያው ጻፈችው። ሲስተሙ ምን ያህል መፍጠን እንዳለበት፣ ማን ምን ማየት እንደሚፈቀድለት ከሚዘረዝረው ጽሑፍ ሥር «ሁለተኛ በደረሰ ሹፌር ላይ አይሾፍም» የሚል መስፈርት ገባ። ቁልፉ በስልክ ቅጣቱ ምን እንደሆነ ጠየቀ። በዚህ ሥራ ላይ ይህን ያህል ዓመት ቆይቼ እንዲህ ያለ መስፈርት ጽፌ አላውቅም፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ ግን የሚሻለው እሱ ይመስለኛል።

እጅ ወጣ። ሽማግሌው ቃላቸውን አክብረው ሁለቱንም አነሱ፤ አንዱን ብቻ ቆጠርንላቸው። ዋናው ጣቢያ ያሉት በስልክ ድምፃቸውን ሰጡ፤ መጀመሪያ የሰጠው ቀዳሚው ነበር። «ሌላ ማን ይቀድማል?» አለ ባሌ፤ ግን ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ ንፋሷን አቅፌ ዘለልኩ፤ ጫማዬን እንደያዝኩ መሆኔን ያወቅኩት ጀርባዋን በተረከዙ ከመታኋት በኋላ ነው።

አማቴ ግን ደወሉ። «ተረሳሁ ወይስ ሞቼ ነው?» አሉ። ሁለተኛው ሙከራ ይቀራል ለካ። ሹፌሩ ሁሉ ቢስማማ እሳቸው የተኙበትን ሚና ሳይጨርሱ አይነሱም።

ንፋሷ ሲስተሙን ወደ አዲሱ መንገድ አዞረችው፤ ቁልፉም መስመሩን ደግሞ ነቀለ። አማቴ ለኮረብታው ደወሉ፣ ንፋሷ የተጨነቀች ጎረቤት ሆና ለዋናው ደወለች። ስክሪኑ ላይ «ይጠብቁ» የሚለው ወጣ፣ ቀለበቷ ዞር ማለት ከመጀመሯ «ሂዱ» በሚል ተተካ። ጋራዡ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ደህና ነበር፤ ተሰብሳቢው ግን ከነወንበሩ መኪናችን ፊት ነበር። አንዱ ወንበሩን ያነሳል፣ አንዱ ኦቾሎኒውን ይሰበስባል፣ ሽማግሌው የጠፋ ባርኔጣ ይፈልጋሉ። ባሌ ጥሩምባውን እያስጮኸ፣ እየተሳደበ፣ እየሳቀ መንገድ እስኪያገኝ ቆየ።

ፎቁ ሥር ስንደርስ የቀዳሚው መኪና ቆሟል። ባሌ አየውና አንድ ጊዜ ተነፈሰ። እኔ አልጋውን በአንድ ወገን ይዤ ደረጃውን ወጣን፤ ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጥቶ ምን ሆኑ ምን ሆኑ ይላል።

አራተኛው ፎቅ ላይ ቀዳሚው በሩ ፊት ቆሟል። አልጋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ላቡ ገና አልደረቀም፤ ማለት በሩጫ ነው የወጣው። በሩ ገርበብ ብሎ ተከፍቷል፣ እሱ ግን አልገባም።

ሁለቱ ተያዩ። ከልብስ ሰፊው ደረጃ ወዲህ ፊት ለፊት ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አዲሱ መስፈርት ከወጣ ገና ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አላለፈም። ቀዳሚው ምን ሊል እንደሚችል አስቤ ተሸማቀቅሁ።

ከበሩ ገለል አለ። «ግባ» አለው። «እናትህ ናቸው። አንተ ቅደም።»

ባሌ እጁን ዘረጋ። ቀዳሚው ጨበጠው፤ ባሌ ግን እጁን አልለቀቀውም፤ እንደያዘው ይዞት ገባ። ሁለት ሰፋፊ ትከሻ ያላቸው ሰዎች ባንድ ጠባብ በር እየተጋፉ ሲያልፉ አየሁና ዓይኔ ሞላ፤ አልደበቅኩትም።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ከእግር እስከ ራሳቸው ቃኟቸው።

«ለእኔ ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ። «ሁለት ናችሁ እንዴ?»

«አዎ እማማ» አለ ቀዳሚው። «ሁለት ነን።»